ሰብለ ሐሙሲት ክርስትና ሄደች

ከደብረ ታቦር ማልደን የተነሳነው ሐሙሲት እታለም ቤት ክርስትና ስላለ ነው። እታለም ታላቅ እህቴ ናቸው፤ የልጅ ልጄን ሰብለን ግን አይተዋት አያውቁም። ሰብለ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት፤ ሰው ሲነካት ትጮኻለች። በእኛ አገር ደግሞ ዘመድ አገላብጦ ሲስመው የሚሸሽ ልጅ ስድ ይባላል። ባለፈው ፋሲካ አንዱ በግድ ስሟት ስትጮኽ፣ አላሳደጓትም ተብሎ ተወራ። ከዚያ ወዲህ እናቷ ዘመድ ቤት ወስዳት አታውቅም። መናኸሪያ ስትሸኘን፣ «አባዬ፣ ዛሬም ካስከፏት ሁለተኛ የትም አልልካትም» አለችኝ።

ወረታ

ጋቢና ተቀመጥን። ሙዚቃው ሲከፈት ሰብለ ጆሮዋን ያዘች፤ ሾፌሩን ቀንስልኝ ስለው ጭራሽ ዘጋው፣ እግዜር ይስጠው። ወረታ ስንደርስ ሩዙ ደርሶ ሜዳው ቢጫ ሆኗል። ዳቦ ገዝቼ ቅርፊቱን ገፈፍኩላት፤ እንዲያ ካልሆነ አትበላም። አጠገባችን ያሉ ሴትዮ ልጅቷ ቀሚሷን ገልብጣ ለብሳለች አሉኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስፌቱ እንዳይኮሰኩሳት ወደ ውጭ ያደረግሁት እኔው ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሐሙሲት

ዳሱ ጢም ብሏል። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ሲመጡ ሰብለ ጋቢዬ ስር ገባች። ይዣት ልመለስ ዳድቶኝ ነበር።

እታለም ያን ጠዋት ቆርበዋል። የቆረበ ሰው ደግሞ አይሳምም፣ አይጨበጥም። ስለዚህ የሚገባው ሁሉ ከሩቅ ጎንበስ ይልላቸዋል፣ እሳቸውም ጎንበስ ይላሉ። ሰብለ በጋቢዬ ጫፍ ይህን ስታይ ቆየች። ከዚያ ብቻዋን ወጣች፤ ከፊታቸው ራቅ ብላ ቆመችና ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

እታለም አጸፋውን መለሱላት። ወደ ዘመዱ ዞረውም፣ «እሷንም እንደ ቆረበ ሰው ሰላም በሏት» አሉ።

ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ሴቶቹ ተራ በተራ ጎንበስ አሉላት። አንዱንም ሳትዘል መለሰች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እንደሷ አሳምሮ እጅ የሚነሳ አልነበረም። የአያት ወሬ ነው የሚል ሐሙሲት ሄዶ ይጠይቅ።

ቤት

አመሻሹ ላይ እናቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ገና ሳትጠይቀኝ ሰብለ ፊቷ ቆማ እጅ ነሳች። ልጄ ግራ ገብቷት አየችኝ፤ ነገርኳት። አለቀሰች፤ ዝቅ ብላም መለሰችላት። እኔ የሚስማማትን ቀሚስ ሰፋሁላት እንጂ፣ የሚስማማትን ሰላምታ ራሷ እንደምታገኘው አስቤ አላውቅም ነበር።

እታለም ለገናም አምጧት ብለዋል አልኩ። ልጄ ዓይኗን ጠርጋ፣ «እኔ እወስዳታለሁ» አለች።