ስለ ጋሽ ሃብቶም የተጠየቅኩ ቀን

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ስሙኝና እንደ ወደዳችሁ ፍረዱብኝ።

በፈረንጆቹ 2010ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ግሌንዴል ተከራይቼ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራሁ፣ ኮዲንግ፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ፣ በራሴ ለመማር እታገል ነበር። ያመለከትኩበት ሁሉ «ዲግሪህስ?» ይለኛል። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም። ስንት ፎርም ሞላሁ! መሥራት እችል እንደሆነ እንኳ የሚጠይቀኝ ጠፋ።

በራሴ አልሆን ሲለኝ ያስተማሩኝ ጋሽ ሃብቶም ናቸው። አስመራ በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ የታክሲ ሹፌር ነበሩ፤ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ አድርገው ፕሮግራም ይጽፋሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አውሮራ ላይብረሪ እንገናኛለን። ኮዴ አልሠራ ብሎኝ ላፕቶፑን በንዴት ስዘጋው፣ «ክፈተው፤ ስህተቱ እዚያው ነው፣ የትም አይሄድም» ይሉኝ ነበር።

በመጨረሻ መረረኝና አንድ ማመልከቻ ላይ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ አለኝ ብዬ ጻፍኩ። ዴንቨር ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጠረኝ። ማንም አላጣራም። ዲግሪ እንደሌለኝ የሚያውቁት ጋሽ ሃብቶም ብቻ ነበሩ።

በዓመቱ እሳቸውም እዚያው አመለከቱ፤ ዲግሪ የለኝም ብለው እውነቱን ጽፈው። የተላከላቸውን ፈተና ከሁላችንም አሳምረው ሠሩት። አለቃዬ ጠራኝና «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» አለኝ።

ምን ማለት ነበረብኝ? መምህሬ ናቸው ማለት አልነበረብኝም? እኔ ግን አንድ ቀን ሳያስቡት ምስጢሬን ቢያወጡብኝስ ብዬ ፈራሁ። «አውቀዋለሁ። ፈተናውን ራሱ መሥራቱን ግን እጠራጠራለሁ» አልኩ። አልኩ! በዚህ አፌ።

በሳምንቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ምን አሉ?»

«ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ይብቃኝ» አሉ። ላፕቶፑን ለልጃቸው ሰጡ፤ ፕሮግራም መጻፉንም ተዉት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ፍርሃቱ ሲበዛብኝ የዲግሪውን ውሸት ለአለቃዬ ተናገርኩ። «መዋሸትህ ጥሩ አይደለም፤ ግን ሥራህን አይቻለሁ። እኔም ኮሌጅ አልጨረስኩም» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። እፎይ አላልኩም፤ በገንኩ። ለዚህ ነው እንግዲህ ሰውየውን የቀበርኳቸው? ስለ እሳቸው ግን ያን ቀንም ትንፍሽ አላልኩም።

በቅርቡ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ሱቅ ውስጥ አገኙኝ። አገላብጠው ሳሙኝና አብሯቸው ለነበረው ሰው፣ «ይሄ የኔ ተማሪ ነው» አሉት፣ ደረታቸውን ነፍተው። እጃቸውን እንደያዝኩ ቆምኩ። አልነገርኳቸውም።

ቸግሮኝ ነበር፣ ጨንቆኝ ነበር አልልም፤ እሳቸውም ቸግሯቸው ነበር፣ ግን አልዋሹም። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።