የተቀባው ጓንት

ላስ ቬጋስ፣ ረቡዕ፣ ንጋት 11 ሰዓት

ሰዓቱን በአበሻ ነው የምቆጥረው፤ አሜሪካ ሃያ ዓመት ኖሬም አልለቀቀኝም። ገና ጎህ ሳይቀድ ሙቀቱ ተነስቶ ቁጭ ብሏል። መኪናዬን ከጋራዥ አውጥቼ ኮዲን ስጠብቅ ቀድመው የወጡት እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ቦርሳቸውን አንግበው፣ የጫማቸውን ክር ጠበቅ አድርገው አስረው።

«እርስዎ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ልጄን ልሸኝ ነዋ!»

«በር ላይም እኮ መሸኘት ይቻላል።»

«እኔ በር ላይ አልሸኝም» አሉና ከኋላ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ። ከዚህ በኋላ መከራከር ጉንጭ ማልፋት ነው።

እትዬ ዘነበች አክስቴ ናቸው። በስደት በሱዳን በኩል መጥተው፣ ሰላሳ ዓመት የካዚኖ ሆቴል ክፍል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ አሁን ሥራቸው ቸርች መጸለይና እኔን መቆጣት ነው። «ልጄ» የሚሉት ኮዲ ደግሞ ፊቱን ጠቃጠቆ የሞላው፣ በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚገባ የካንሳስ ፈረንጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰመር ሊግ፣ በትምህርት ዕረፍት ሰሞን ውድድር፣ ቤዝቦል የሚጫወቱት የኮሌጅ ልጆች ናቸው፤ ደመወዝ ስለሌላቸው የሠፈር ሰው ክፍል እየሰጠ ያስተናግዳቸዋል። አምና በኮሮና ሰሞን፣ እኔ አየር ማረፊያ ዊልቸር ከምገፋበት ሥራ ተቀንሼ ቤት ስውል፣ ጎረቤታችን «ባዶ ክፍል አላችሁ?» አለን። ኪራይ መስሎኝ እሺ አልኩ። ኪራይ ቀርቶ ልጁ ለቁርስ ብቻ ስድስት እንቁላል ይበላል! ሁለት ወር ኖረ። እትዬ ዩኒፎርሙን አጠቡለት፣ ቸርች ወሰዱት፣ ልጃቸው አደረጉት።

ከዚያ ከትልቁ ሊግ በታች ባሉት ትናንሽ ሊጎች ዩታ ላለ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ፈረመ፤ ሥራው ባለዱላው እንዳይመታው አድርጎ መወርወር ነው። ባለፈው ሳምንት አሰናበቱት። ካሊፎርኒያ ያለ ሌላ ቡድን ደግሞ «ረቡዕ ናና ወርውር፤ እንይህ» አለው። ከዩታ ሲመጣ መኪናው ቬጋስ ላይ ራዲያተሯ ፈነዳ፤ እኛ ቤት አደረ፤ ሹፌሩ እኔ ሆንኩ። ዛሬ ካልተሳካለት ካንሳስ ተመልሶ ከአባቱ ጋር የቤት ጣራ መሥራት ነው። 

ቤከር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

የኔቫዳን ድንበር ተሻግረን በረሃውን እየበላን ቤከር ገባን። ቤከር ማለት አንድ መንገድ፣ ጥቂት ነዳጅ ማደያና ሰማይ የሚነካ ቴርሞሜትር ነው። ቤንዚኑን ስቀዳ ዋጋው ከሙቀቱ ጋር ይወዳደራል። ኮዲ እጁን ሊያፍታታ ወርዶ የቆዳ ጓንቱን ከሻንጣው አወጣ። አወጣና ደርቆ ቀረ።

«እትዬ፣ ይሄ የሚያብለጨልጨው ምንድነው?»

«ዘይት ነው ልጄ። ሻወር ስትገባ ጸለይኩበትና ቀባሁልህ። በኢየሱስ ስም ማንም አይመታውም!» አሉ፣ በዚያ በሆቴል እንግሊዝኛቸው።

ኮዲ ጠቃጠቆው ሳይቀር ነጣ። ለካ ዘንድሮ ዳኞች ወርዋሪውን እየፈተሹ ነው። ኳሱ እጅ ላይ እንዲይዝ ጓንታቸውን የሚቀቡ ስለበዙ፣ ጓንትና ኮፍያ ይገለባበጣል፤ ባዕድ ነገር ከተገኘ ከሜዳ ውጣ፣ አስር ጨዋታ ታገድ።

«እትዬ! ምን ነካዎት?» ብዬ ጮህኩ።

«በጸሎት ትጮሃለህ?»

«በጸሎቱ አይደለም፣ በዘይቱ ነው!»

«የሰው ጓንት ብትዋስስ?» አልኩት ኮዲን። ልጁ ግራኝ ነው፤ የግራኝ ጓንት እንደ ልብ አይገኝም፤ ቡድኑ ውስጥ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ሰው የለም። እትዬ ነገሩ ሲገባቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ቀጥ ብለው ሱቁ ገቡ።

«የበቆሎ ስታርች አላችሁ?» የለም። የሕፃን ፓውደር ይዘው ወጡ።

«ሰላሳ ዓመት ሰካራም በሶፋ ላይ የደፋውን ዘይት በዱቄት ሳስለቅቅ የኖርኩ ሴትዮ ነኝ። አምጣው!»

ባርስቶው፣ 2 ሰዓት

እስከ ባርስቶው ጓንቱ በፓውደር ተቀብሮ መስታወቱ ሥር ፀሐይ ሞቀ። እኔ ኤሲ እንዳልከፍት ተከለከልኩ፤ «ሙቀቱ ነው ዘይቱን የሚስበው» ተብዬ። ሦስታችንም በላብ ተጠመቅን። ባርስቶው አንድ የቁርስ ቤት በረንዳ ላይ እትዬ ከቦርሳቸው የጥርስ ብሩሽ አውጥተው ስፌት በስፌት ቦረሹት። የማን ብሩሽ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ኮዲ አንድ እንቁላል እንኳ አልበላም። በመጨረሻ ጓንቱን በጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰና «ደርቋል» አለ፤ ጓንቱ ግን አሁን የተወለደ ሕፃን ይሸታል።

ሜዳው፣ 7 ሰዓት

በሰዓቱ አደረስነው። ከተማዋ ከሳን በርናርዲኖ ብዙም አትርቅም፤ ስታዲየሙ ግማሹ ባዶ፣ ወንበሩ የሚፋጅ። አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ስምንት ሰዓት አልፎ ኮዲን አስገቡት። የመጀመሪያውን ባለዱላ በአራት ውርወራ አስወጣው፤ ሁለተኛው የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ተያዘበት፤ ሦስተኛው ዱላውን በባዶ አየር ላይ ወዘወዘ። እትዬ «ኧረ እሰይ!» ብለው ብድግ አሉ።

ሦስት ሰው ወጥቶ ዙሩ አለቀ፤ ኮዲ ከሜዳ ሲወጣ ዳኛው ጠራው። ጓንቱን ተቀበለ፤ ገለበጠ፤ አሸተተ። እንደገና አሸተተ። ፈገግ ብሎ መለሰለት። ተነፈስኩ።

ያን ጊዜ እትዬ ክንዴን ጨመደዱኝ። «ኮፍያውንም እኮ ቀብቼዋለሁ።»

«ምን?!»

«ስትጮህብኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ወይኔ ልጄን! በእጄ አጠፋሁት!» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ዳኛው የኮዲን ኮፍያ ተቀብሎ ውስጡን ዙሪያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።  ከዚያ ኮፍያውን መልሶ ትከሻውን መታ አደረገውና ሄደ።

ጨዋታው ሲያልቅ ኮዲ እየሮጠ ወደ አጥሩ መጣ፤ አሠልጣኙ «ዓርብም ትወረውራለህ» ብሎታል። እትዬ ስለ ኮፍያው ተናዘዙለት። ልጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እትዬ፣ ቡድን ሲቀየር ኮፍያም ይቀየራል እኮ! የቀቡት የድሮውን ነው፤ ሻንጣዬ ውስጥ አለ።»

እውነትም ጠዋት ቀይ ኮፍያ አድርጎ ተነስቶ አሁን ራሱ ላይ ያለው ሰማያዊ ነው። ዓይናችን እያየ! እትዬ ግን አልሳቁም። «ሁለተኛ ዘይት አልነካም። ላበላሽህ ነበር» አሉት።

 ኮዲ ያን ረጅም ቁመቱን አጥፎ አንገቱን በአጥሩ ላይ ወደ እሳቸው አወረደ። «ራሴን ይቀቡልኝ። ዓርብ ሩቅ ነው፤ እስከዚያ እታጠባለሁ።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል» አልኩ።

የዘይት ጠርሙሷን ከቦርሳቸው ሲያወጡ፣ ኮዲ ሰማያዊውን ኮፍያ አወለቀና ሰጠኝ። በሁለት እጄ ይዤ፣ ከዘይቱ ሦስት እርምጃ ራቅኩ።