ለቀጥቃጩ ልጅ የመጡ ሽማግሌዎች

ወልቂጤ ያለውን የጓሮ ክፍሌን በ2009 ዓ.ም. የተከራየችኝ ፈቲሀ ከማሉ እዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ብረት ታስተምራለች። ማታ ስትገባ እጇ ከሰል የዛቀ ይመስላል። ምን እንደምትሠራ ብጠይቃት አስረዳችኝ። ብረት የሚቆርጥ ጠንካራ ብረት እንዳያልቅ በስስ ሴራሚክ ይለበጣል። ሴራሚኩ ግን እንደ ስኒ ነው፤ ቢጠነክርም ይሰነጠቃል። ግራፊን የሚሉትን እጅግ ስስ ካርቦን ሲቀላቅሉበት ስንጥቁ ይገታል፣ ፍትጊያውም ይለሰልሳል። እሷ ያንን ክብደት ጭና ታስፈትገውና ምን ያህል እንዳለቀ ትመዝናለች። «ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል?» ብያት ስቃብኛለች።

አባቷ ቡታጅራ አጠገብ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። እኛ አገር ቀጥቃጭ በሠራው ዶማ ቆፍሮ የሚበላ ሁሉ ከቀጥቃጭ ጋር ማዕድ አይቀርብም። ነውር ነው ይላሉ። እኔን ከጠየቃችሁ ነውሩ የነሱ ነው።

ሙስተፋ የሚባል የመስቃን ነጋዴ ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። እሱ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል፤ ቤተሰቡ ግን አያውቅም። ሽማግሌ ሊልክ ሲል አጎቷ ሀቢቡ «አባቷ ቤት ከሆነ ወናፉን ያዩታል» ብሎ እኔ ቤት እንዲሆን ለመነኝ። አባትየውንም እንዳይመጡ አስቀራቸው። በሆዴ እየተሳደብኩ እሺ አልኩ፤ ልጅቷ እንድታገባ እፈልግ ነበር።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ክትፎውን በቆጮ እያደረጉ በሉ። ፈቲሀ እንደ ወጉ ጓዳ ተቀምጣለች። ትልቁ ሽማግሌ «አባቷስ የት አሉ?» አሉ። ሀቢቡ «ነጋዴ ነበሩ፤ ሞተዋል» አለ።

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ለሟቹ ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። ያኔ የጓዳው በር ተከፈተ።

«አባቴ አልሞተም» አለች ፈቲሀ። «ከማሉ ይባላል፤ ብረት ይቀጠቅጣል። ጧት በስልክ አናግሬዋለሁ።»

ትልቁ ሽማግሌ የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ። «አስተማሪ ነች ብላችሁን ነበር።»

«አስተማሪ ነኝ፤ የማስተምረውም ብረት ነው። የበላችሁትን ክትፎ የከተፍኩትም አባቴ በሠራው ቢላዋ ነው። ወላሂ፣ ጥሟችሁ ነበር።»

ሳይመርቁ ወጡ። ሀቢቡ «ቤታችንን አፈረስሽው» ብሎ ጮኸባት። እኔ ግን ኮራሁባት፤ አልደብቅም።

በማግስቱ ሙስተፋ ብቻውን መጣ። ፈቲሀ ከእኔ ጋር ደጃፉ ላይ ቆጮና ጎመን ይዛ ተቀምጣለች።

«ሥራዬን አልተውም፤ አባቴንም በቁሙ አልቀብርም» አለችው ሳይቀመጥ።

«አባቴ እዚህ ቤት ውሃ እንኳ እንዳትቀምስ ብሎኛል» አለ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ርቦኛል።»

ጠቅልላ አጎረሰችው። መንገደኛው ቆሞ ያያል፤ የሙስተፋ ዘመዶችም ሳይሰሙ አይውሉም። የግቢውን በር ልዘጋ ብድግ ስል ፈቲሀ እጄን ያዘችኝ።

«ክፍት ይሁን፣ እትዬ መሕቡባ» አለች።