የወንድሜ ነጭ መብራት

ኤልኢዲ አምፖል ማታ ለሚነዳ ሰው ዓይን ይሆነዋል ይባላል። አይሆነውም። ለሚነዳው ሰው ድፍረት ይሰጠዋል፤ ከፊቱ ለሚመጣው ደግሞ ዓይኑን ይወስድበታል። ይህን ልውውጥ ደህንነት ብለው የሚጠሩት የሚሸጡትና የገዙት ሰዎች ብቻ ናቸው። እኔ ከገዛው ሰው አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ከፊት የመጣውን ሰው ከቦይ ውስጥ ተሸክመውት ሲወጡም አይቻለሁ።

የገዛው ታላቅ ወንድሜ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ይኖራል። በሚኒባሱ የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሠራተኞች ጠዋት ያደርሳል፣ ማታ ይመልሳል። ፈረቃው የሚለቀቀው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ሰማዩ ገና ብርሃን አለው፣ መሬቱ ግን ጨልሟል። ያቺ ሰዓት ከአንድ ዓመት ወዲህ ታስጨንቀው ጀመር። "መንገዱ ጠቆረብኝ" ይል ነበር፣ አስፋልቱን አንድ ሰው መጥቶ ቀለም የቀባው ይመስል። ሾፌሩ ሲመሽ አያይም የሚል ወሬ አንዴ ከተነሳ፣ ሠራተኞቹ በነጋታው ሌላ መኪና ላይ እንደሚሳፈሩ ያውቃል። ሌላ ሙያ የለውም። ከልጅነቱ ጀምሮ መሪ ከመጨበጥ በቀር የሠራው ነገር የለም።

የሾፌር ጓደኞቹ ሁሉ አንድ ምክር ነበራቸው፦ እነዚያን ቢጫ አምፖሎች ጥለህ ነጩን ኤልኢዲ አስገባ። ዓይንህን ታይ ያለው እኔ ብቻ ነኝ። ችግሩ እኔ የማልቃወመው ነገር ስለሌለ ተቃውሞዬን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።

"አንተ መቼ፣ በምን ተስማምተህ ታውቃለህ?" አለኝ።

እውነቱን ነው። አብሬው ገበያ ወጣሁ።

አምፖሉን የገዛነው አሸዋ ገበያ ነው፣ በቀትር። ይህ የእርሱ ጥፋት አይደለም፤ በድሬዳዋ ሁሉም ሰው አምፖል የሚገዛው በቀትር ነው። ከምሳ በኋላ ሻጩም ገዢውም መካኒኩም የጫት በርጫ ላይ ናቸው፤ ሲመሽ ደግሞ ሱቁ ይዘጋል። ስለዚህ ለጨለማ የተሠራውን ዕቃ የምንመርጠው የግንብ ጥላ እንኳ ከግንቡ ሥር በማይወጣበት ሰዓት ነው። ሻጩ አምፖሉን ከባትሪ ጋር ያገናኝና ፊትህ ላይ ይደግነዋል። አንተም አፍጥጠህ ታየዋለህ። በዚያ ፀሐይ ካንጸባረቀብህ ጥሩ አምፖል ነው፤ ካላንጸባረቀ የበለጠውን ያመጣልሃል። የድሬን ፀሐይ የሚያሸንፍ መብራት ለምን ያስፈልገናል ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

"ወርያ፣ በዚህ ፀሐይ እንዲህ ከሆነ በጨለማ አስበው!" አለ ሻጩ።

"በጨለማ የሚያስበው ማነው? ከፊት የሚመጣው?" አልኩት።

ወደ ወንድሜ ዞረ። "ይሄ ሰውዬ ምንህ ነው?"

"ወንድሜ ነው። ተወው፣ መጽሐፍ ያነባል።"

"አቦ፣ አላህ ያሽረው።"

ሁለቱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ መልስ ነበር።

አምፖሎቹን የገጠመው የመኪና ኤሌክትሪሽያን መንገድ ዳር ኒም ዛፍ ሥር ነው የሚሠራው። የድሮውን መብራት ቤት አልነካውም፤ አምፖሉን ብቻ ነቅሎ አዲሱን ሰካ። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የፊት መብራት ቤት ማለት ውስጡ መስታወት ነው፤ መስታወቱ የታጠፈው በድሮው አምፖል ውስጥ ለነበረችው ቀጭን ክር ልክ ነው። ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ሲመጣበት መንገዱ ላይ መጣሉን ትቶ ወደ ሰው ፊት ይረጨዋል። ወንድሜን ይህ አልበቃውም፣ የውጪውን መብራት ሁሉ አስቀየረ። የፍሬኑ መብራት በቀዩ ፕላስቲክ ውስጥ ነጭ ገብቶበት እንደ ታጠበ ጨርቅ ወየበ። ፍሬቻው አምፖል የተቃጠለበት መስሎት ያለ ቅጥ ይጣደፍ ጀመር።

"ቸኩሏል" አልኩት።

"እንደኔ ነው፣ ሥራ ይወዳል" አለ።

የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ደስታ ነበሩ። ሠራተኞቹ ከፓርኩ በር ሲወጡ መኪናውን ከሩቅ ያውቁታል። "አቦ፣ ሠርግ ልትወስደን ነው እንዴ?" አለችው አንዷ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ እየገባች። እርሱ ከመሪው ጀርባ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ዓይኔ ተመለሰ ይላል። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ስለዚህ ለጊዜው ተውኩት።

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የድሬ ሾፌሮች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ረጅም መብራታቸውን ብልጭ አድርገው ሰላም ይባባላሉ። ሰው ከሰው ይተዋወቃል፤ ሰላም ሳትለው ያለፍከው ሰው በነጋታው ምን አስቀየምኩህ ብሎ ይጠይቅሃል። ወንድሜ ነጩን መብራት ካስገባ ወዲህ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ብልጭ ያደርግበት ጀመር። አይሱዙው፣ ባጃጁ፣ የማያውቀው የቤት መኪና ሳይቀር።

"አየህ? ከተማው በሙሉ ሰላም ይለኛል" አለኝ አንድ ቀን።

"ሰላም እያሉህ አይደለም። አሳወርከን እያሉህ ነው።"

"አንተን ማንም ሰላም ብሎህ ስለማያውቅ ነው፣ ፈላስፋው።"

ጨዋ ሰው ነውና ለእያንዳንዱ ይመልስ ነበር፤ በረጅሙ መብራት፣ ሞቅ አድርጎ።

አንድ ምሽት ሠራተኞቹን አድርሰን ባዶ መኪና ይዘን እየተመለስን ነበር። መንገዱ በአንድ በኩል የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለው። ከፊታችን አንዲት ባጃጅ መጣች፤ መብራቷ ሊጠፋ እንደተቃረበ ሻማ ነው። ብልጭ አደረገች። ደግማ ብልጭ አደረገች። ሦስተኛ።

"ይሄኛውስ በጣም ወዶኛል" አለ ወንድሜ፤ ረጅሙን መብራት ከፍቶ መለሰለት።

ከዚያ በኋላ በአጠገባችን ማለፍ የነበረባት ባጃጅ አላለፈችም። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

"አቁም!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ሆንክ?" አለኝ። ተገርሞ ነበር። የባጃጇን መጥፋት አላየም።

ቦይ ውስጥ በጎኗ ወድቃለች። ነጂው ወጣት ነው፣ ብቻውን ነበር፤ ከወገቡ በታች የብረቱ ክፈፍ ተጭኖታል። እኔ ወርጄ ስሮጥ ወንድሜ ሊረዳ ብሎ ሚኒባሱን አዙሮ መብራቱን ቦዩ ላይ አነጣጠረው። ልጁ የሚያቃስተውን ትቶ በክንዱ ዓይኑን ሸፈነ።

"አጥፋው! ወላሂ፣ አጥፋው!"

"አይዞህ ወንድሜ፣ እንድናይህ ነው!" ብሎ መለሰለት ወንድሜ ከላይ።

ተመልሼ በመስኮቱ እጄን ሰድጄ አጠፋሁት። ከየመንገዱ የደረሱ ሰዎች በስልካቸው ብርሃን ባጃጇን አንስተው ልጁን ተሸክመው አወጡት። ዳሌው ተሰብሮ ነበር። ዛሬም በክራንች ነው የሚሄደው፤ ባጃጅ ላይ ዳግም አልወጣም።

የመጣው ትራፊክ ሁለቱንም መኪና አየ። የባጃጇ መብራት ደካማ መሆኑን መዘገበ፤ የወንድሜ መብራት ግን በሚገባ ይሠራል። ደካማ መብራት ጥፋት ነው። የበረታውን መብራት ጥፋት ብሎ የጠራ ሰው እዚያ አልነበረም፣ ከእኔ በቀር፤ እኔ ደግሞ ያው እንደ ልማዴ ነኝ። ሾፌሮቹ መጥተው ወንድሜን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "አቦ፣ አንተ ምን አጠፋህ? እንዲህ ያለ ሻማ ይዞ መንገድ ይወጣል?"

በነጋታው አመሻሽ ላይ ቤቱ ሄድኩ። መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። መብራቱን አብርቼ ወረድኩና "ና፣ ፊቱ ቁም" አልኩት። ከአጠገቤ መጥቶ ቆመ። እኔ ከአፍታ በላይ ልቋቋመው አልቻልኩም፤ ፊቴን አዞርኩ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እርሱ ቀጥ ብሎ ያያል። አልጨፈነም፣ ግንባሩን እንኳ አልቋጠረም።

"ታዲያ የታለ?" አለ። "ምኑ ነው የሚያሳውረው? ደህና ብርሃን ነው።"

ያኔ ገባኝ። ቀስ ብዬ ቀኝ እጄን ከጆሮው ጎን አንስቼ አወዛወዝኩት። ወደ ፊት ወደ ፊት አመጣሁት፣ አሁንም እያወዛወዝኩ።

"እጄን ታያለህ?"

"የቱን እጅ?" አለ።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። መጀመሪያ የሚሄደው ዳር ዳሩ ነው፤ ስለማያምም ሰው አይነቃበትም፤ አካባቢው ደብዘዝ ሲልበት ብርሃን ያነሰ ይመስለዋል። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ መንዳት ግን ከእንግዲህ የለም። ወንድሜ ይህን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

"ዶክተር፣ ከዚህ ጠንከር ያለ መብራት ባስገባስ?"

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። የጠብታውን ማዘዣም ለእኔ ሰጠኝ።

ቁልፉን የወሰደችበት ሚስቱ ናት። አሁን ቤት ይውላል፤ ጠብታውን በሰዓቱ ትጨምርለታለች። እኔን ብዙም አያናግረኝም። ባጃጇን ከመንገድ ያስወጣኋት እኔ እንደሆንኩ የሚያስብ ይመስለኛል፤ ቢያንስ እርሱን ከመንገድ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ ግን ሥራ አላቆመም። የተቀጠረው ሾፌር ጥሩ ልጅ ነው፣ ዓይኑም ደህና ነው። አምፖሎቹን አውጣቸው ብዬ ለመንኩት።

"እንዴ! ይቺ መኪና ያላት ደህና ነገር እነሱ ብቻ ናቸው!" አለኝ። እየሳቀ አስነስቶ ሄደ።

ስለዚህ እርሱን ትቼ አንተን ልጠይቅ። ነጭ አምፖል ካስገባህ፣ ዛሬ ሲመሽ መኪናህን ሜዳ ላይ አቁምና መብራቱን አብራው፤ ውረድና በባጃጅ ነጂ ዓይን ቁመት ልክ ፊቱ ተቀመጥ። እየው። ማየት ካቃተህ አምፖሉን ዛሬውኑ አውጣው። ካላቃተህ ደግሞ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጥና ዓይንህን ተመርመር።