ውሃ ላይ የቆመው ምሰሶ

ባለፈው ሳምንት አንድ አይሱዙ ፌሮ ጭኖ በሱቄ በር አለፈ። የፌሮው ጫፍ ከኋላ ወጥቶ በየጉብታው ይደንሳል። ሳላስበው እጄን ዘርግቼ "ኧረ ደግፈው!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ ሳቀብኝ፤ እኔን ግን አንድ የወጣትነት ቀን ይዞኝ ሄዶ ነበር።

ያኔ ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ገመድና የአሮጌ ጎማ ቁራጭ እሸጥ ነበር። የጨፋ ሜዳ ማሽላ ደርሶ ከተማው ሁሉ የተጠበሰ እሸት ይሸታል። አንድ መኪና በተጎታች ላይ ትንሽ ጀልባ ጭኖ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጀልባዋ ላይ የተጋደመውን፣ ነፋስ የሚገፋው ሸራ የሚሰቀልበትን ረጅም ምሰሶ የሚደግፈው ብረት ተሰብሯል። ባለቤቱ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ፣ ዘሎ ወርዶ ምሰሶውን በትከሻው ደገፈ።

"ሦስት ዓመት በእጄ የሠራኋት ናት" አለኝ። "ይኼ ከጠመመ ሸራ አይሸከምም፤ ጀልባዋ ገንዳ ሆና ቀረች።"

መብራት ስለጠፋ ብየዳ የለም። ቤት ሠሪው አያ እንድሪስ ዘንድ ወሰድኩት። ምሰሶውን ዳበስ ዳበስ አድርገው "ቤቱ የት ነው?" አሉ።

"ውሃ ላይ" አለ መሐንዲሱ፤ "ከደሴ ማዶ፣ ሐይቅ።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ! መሬት አለቀ?"

እንዲያም ሆኖ ለራሳቸው ጎጆ ያስቀመጡትን የግራር ባላ አምጥተው ከጀልባዋ ኋላ አቆሙት፤ መንታው ላይ የኔን ጎማ አነጠፉበት። እኔም ጉልበቴን ላሳይ ብዬ ምሰሶውን ባላው ላይ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት።

አያ እንድሪስ ገመዱን ነካ አድርገው "ኮቱ፣ ና እስቲ፣ አንተ ጎረምሳ! ፍየል ነው የምታርደው? አላላው! ወደ ባቲ የሚወርድ ግመል እንዲህ ቢጫን ሐርቡ ሳይደርስ ወገቡ ይቆረጣል። ጭነት ትንፋሽ ይፈልጋል" አሉኝ።

አላላሁት። መሐንዲሱ ሊሰናበት ሲል አያ እንድሪስ መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

"ምሰሶ ያለ ዱዓ አይቆምም።"

ማን ይከራከራል? እኔም ገመዱን ልጠብቅ ብዬ ተከተልኩ፤ ገመዱስ ሰበብ ነው። የደሴን ጠመዝማዛ ስንወጣ ደጋግሜ ዞሬ አየሁ። በየጉድጓዱ ምሰሶው ጎንበስ ቀና ይላል።

ሐይቅ ስንደርስ መሐንዲሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተው። "ቀጥ ያለ ነው!" አለ። አያ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፤ አሚን ብለን ለሦስት አቆምነው። ነጩ ሸራ ወጣ፤ ነፋስ ሞላው። ሞተር የለ፣ መቅዘፊያ የለ፣ ጀልባዋ ሰውየውን ይዛ ዝም ብላ ሄደች።

አያ እንድሪስ ዳርቻው ላይ ቁጭ አሉ። "ሱብሃነላህ! ስንቱን ቤት አቆምኩ፤ አንዱም ተነስቶ ሄዶ አያውቅም።"

ዛሬ ሸራ እነግዳለሁ። ደንበኛ ፊት ስዘረጋው ነፋስ ከሥር ገብቶ ሲነፋው ጫፉን እንደያዝኩ አሻግሬ አያለሁ። ደንበኛው ዋጋ ልጨምር የማሰላ ይመስለዋል፤ አላስተባብልም። በሐሳቤ ያቺ የሐይቅ ጀልባ ከዓይኔ እስክትሰወር እጠብቅና ወደ ገበያችን እንመለሳለን።