የአንዲት «ታ» ጉዳይ

በትልቁ ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ «ተኳሿ» ይሏታል። ጠመንጃ በእጇ ይዛ አታውቅም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ስለኖረች ነው። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር «ከሷ ጋር እንዳትጣላ፣ በቀን ስምንት መቶ ትተኩሳለች» ይሉታል፤ እሱ ሲደነግጥ እነሱ ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ክሊፑ እስኪወጣ ድረስ።

ክሊፑን ያላየ የለም። አራት ጎረምሶች የመሠረቱት የሮክ ባንድ «አታጥፋው» የሚል ነጠላ ዜማ አወጣ። ዘፋኙ ዝናቡን ይለማመናል፤ «ዝናብ ሆይ፣ እሳቴን አታጥፋው» ይላል። ግጥሙ በቃ ይኸው ነው፤ የቀረው ጊታር ነው። ግን ሰው ወደደው። ታክሲ ውስጥ አታጥፋው፣ ፀጉር ቤት አታጥፋው፣ ትምህርት ቤት በር ላይ አታጥፋው። የቀረፁት እዚያው ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነበር፤ እንፋሎቱና ነጩ አንሶላ ለካሜራ ያምራል ተብሎ። ዘፈኑ በሚጦዝበት ቦታ ላይ ካሜራው ጊታሩን ትቶ የአንዲት ሴት ፊት ያመጣል፤ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ዓይኗ ፈጥጧል፣ አፏ ወለል ብሏል። ሦስት ሰከንድ አይሞላም። ከዘፋኙ ጋር አብራ «አታጥፋው» የምትል ትመስላለች።

ያቺ ሴት ተኳሿ ናት። መንገድ ላይ የማያውቋት ሰዎች አፋቸውን በልቅጠው «ሮከሯ! እስቲ አንዴ በይልን!» ይሏታል።

እሷ ግን አልዘፈነችም። የሆነው እንዲህ ነው። የመተኮሻው ማሽን ሁለት የጋሉ ሲሊንደሮች አሉት፤ እርጥቡን አንሶላ አንዷ ታጎርሰዋለች፣ ሌላዋ ወዲያ ማዶ ደርቆ ሲወጣ ትቀበለዋለች። የምታጎርሰው ቀጮ ነበረች፤ ቅጥነቷ ስም ሆኖላት የቀረች፣ ከተኳሿ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረች ሴት። ማጥፊያው ግን የሁለቱም እጅ የማይደርስበት ግድግዳ ላይ፣ ከፈረቃ ኃላፊው ዘንድ ነው። በቀረጻው ዕለት የክሊፑ ዳይሬክተር «እንፋሎቱ እንዳይቋረጥ፤ ማሽኑን ማንም እንዳይነካ» ብሎ አዘዘ። የፈረቃ ኃላፊው አዲስ ሸሚዙን ለብሶ «ምን ችግር አለ!» አለ። ሙዚቃው ጣሪያውን ሲያናውጠው የአንሶላው ጫፍ የቀጮን ጣቶች ጠቅልሎ ይዟቸው ገባ። ተኳሿ ወደ ኃላፊው ዞራ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ «አጥፋው!» አለች። ደገመች። ሠለሰች። ሰውየው ካሜራውን አየ፤ ቀጥሎ ዳይሬክተሩን አየ፤ ማጥፊያው ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ የቀጮ ቀኝ እጅ፣ እጅ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

የሮክ ባንዱ ለቀጮ ሆስፒታል ድረስ አበባ ላከ። በሁለተኛው ወር ደግሞ ያንን ፊት ክሊፑ ውስጥ ከተተው። ሴትየዋ ምን ነክቷት ነው የምትጮኸው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። «ፊቷ እሳት ነው!» ተባለ፣ ተቆረጠ፣ ተቀጠለ፣ አለቀ። ሰው እየተቃጠለ የተጮኸ ጩኸት የጭፈራ ማድመቂያ ሆነ፤ እኛም አብረን ጨፈርንበት።

ድርጅቱ ከዚህም ባሰ። «ሠራተኛዋ ከባንዱ ጋር ስትጨፍር በራሷ ግድየለሽነት ተጎዳች። ማሽኑ እንዲጠፋ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ የፈረቃ ኃላፊውም አልሰማም» ብሎ ሪፖርት ጻፈና ቀጮን አሰናበታት። እሷም የሠራተኛ ጉዳይ ለሚያይ ጉባኤ አቤት አለች። ያላት ምስክር ተኳሿ ብቻ ናት። ክሊፑ ሲወጣ የድርጅቱ ነገረ ፈጅ እጁን አፋተገ። «ምስክሯ አጥፋው ብያለሁ ትላለች፤ ሕዝብ ግን አታጥፋው ስትል በዓይኑ አይቷታል» አለ። አንዲት «ታ» ጣልቃ ገብታ ምስክሯን ውሸታም፣ ተጎጂዋን ጨፋሪ አደረገቻቸው።

«ተይው በቃ፣ እህቴ» አለቻት ቀጮ። «እንኳን እነሱ፣ እኔም ሳይሽ የዘፈንሽ ይመስለኛል።»

«የሄደው እጅሽ ነው እኮ! ጆሮሽም አብሮ ሄደ እንዴ?»

ቀጮ መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን ሳቀች። ተኳሿ አልሳቀችም። በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደች። አልተገኘም። ደግማ ሄደች፤ ስብሰባ ላይ ነው። በአራተኛ ጊዜዋ በሩ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ድምፄ ያለበትን ቀረጻ ስጠኝ።»

«የናንተን ድምፅ መቼ ቀዳን? ሙዚቃውን ነው ከላይ የጫንነው። ደሞስ ታዋቂ አደረግንሽ፤ ምን አስቆጣሽ?»

«ታዋቂ ያደረጋችሁት አፌን ነው። ከውስጡ የወጣውን መልሱልኝ።»

ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ተኳሿ የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ትተክላለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም፤ የምትናገረው በእጇ ነው፣ የሰው ከንፈር ደግሞ እንደ ጋዜጣ ታነባለች። ክሊፑ ቤት ውስጥ እንዳይከፈት ተከልክሎ ስለነበር አይታው አታውቅም። ጉባኤው ሊሰየም አምስት ቀን ሲቀረው ግን ስፌት ቤት በባልደረባዋ ስልክ አየችውና ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ እጆቿን አንቀሳቀሰች።

«ማንን ነው አጥፋው፣ አጥፋው የምትዪው?»

ተኳሿ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «ምን አልሽ? ድገሚው።»

«አጥፋው፣ አጥፋው ስትዪ አየሁሽ። ሁለቴ። ምኑን?»

ያን ሁሉ ሕዝብ ያሳሳተው ዘፈኑ ነበር። ሰው ጆሮው የነገረውን ከንፈሯ ላይ ያነባል፤ ዘፈኑ ያልደረሰባት እህቷ ብቻ የተባለውን አየች። ታናሽየዋ እጇን ይዛ ግድግዳው ላይ ካለው መስታወት ፊት አቆመቻት። «በይ፣ ሁለቱንም በዪ። አታጥፋው ስትዪ፣ ‹ፋ› ላይ ጥርስሽ ከንፈርሽን ከመንካቱ በፊት አፍሽ ሁለቴ ይከፈታል። አጥፋው ስትዪ አንዴ ነው።» ተኳሿ አምስቱንም ቀን፣ ጥርሷን ስትቦርሽም ሆነ ፀጉሯን ስታበጥር፣ መስታወቱን አጥፋው አታጥፋው ስትለው ከረመች። ጎረቤት ዘፈኑን የምትለማመድ መስሎት አጨበጨበ። እሷም ግድ አልሰጣትም።

ማክሰኞ ጠዋት ጉባኤው ተሰየመ። ነገረ ፈጁ ላፕቶፑን ከፍቶ ክሊፑን ለቀቀው። የጉባኤው ጸሐፊ ሳይታወቀው በእግሩ ምቱን ይመታ ጀመር፤ ሰብሳቢዋ ከመነጽራቸው በላይ ሲያዩት አቆመ።

«ይኸው» አለ ነገረ ፈጁ። «ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?»

ተኳሿ ተነሳች። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ድምፁ ይዘጋልኝና እንደገና ይታይ።»

«ዘፈን ያለ ድምፅ?» ነገረ ፈጁ ፈገግ አለ።

«ውሸታም የተባለው አፌ ነው። አፌ ይታይልኝ።»

ሰብሳቢዋ በእጃቸው ፈቀዱ። ድምፁ ተዘጋ። ጊታሪስቱ በጸጥታ ሲዘል ዝንብ የሚያባርር መሰለ። ከዚያ ያ ፊት መጣ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድንገት ደነገጠ፤ ያለ ዘፈን ሲታይ ፊቱ የጭፈራ ፊት አልነበረም።

«መልሱት» አሉ ሰብሳቢዋ። «በዝግታ።»

ተኳሿ እህቷ ያስተማረቻትን ነገረቻቸው። ሰብሳቢዋ ማያው ላይ እንዳፈጠጡ፣ ያለ ድምፅ፣ በራሳቸው አፍ አጥፋው፣ አታጥፋው ማለት ጀመሩ። ጸሐፊውም አለ። ነገረ ፈጁም ሳያስበው ሲል ተገኘ።

«ሁለት ጊዜ ነው የምትለው» አሉ ሰብሳቢዋ በመጨረሻ። «ዘፋኙ አንዷን ‹አታጥፋው› ጎትቶ ሳይጨርስ። አፏም በሁለቱም ጊዜ ከ‹ፋ› በፊት የሚከፈተው አንዴ ነው።»

ነገረ ፈጁ ቶሎ ተነሳ። «ይሁን፣ አጥፋው ብላለች እንበል። ምኑን? ቀረጻ ላይ ኃይለኛ መብራት አለ። ዓይኗን ወግቷት መብራቱን አጥፋው ብትልስ?»

ሰብሳቢዋ ለድርጅቱ ሊመሰክር ከነገረ ፈጁ ጎን ወደተቀመጠው የፈረቃ ኃላፊ ዞሩ። «መብራቱ በፊት ለፊቷ ነበር?»

ሰውየው የሥራ ቦታው ነገር ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ደረቱን ነፋ። «ኧረ የለም! መብራቱማ ከኋላዋ ነው የተተከለው። ስለ መብራት አላወራችም፤ ማሽኑን ነው አጥፋው ያለችኝ እንጂ...»

ነገረ ፈጁ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከደነው።

«‹ያለችኝ› አሉ?» ጠየቁ ሰብሳቢዋ።

«ማለቴ... ማንም እንዳይነካው ያለው እኮ ዳይሬክተሩ ነው።»

«ማጥፊያው የማን ኃላፊነት ነው? የዳይሬክተሩ ወይስ የእርስዎ?»

ሰውየው ወደ ነገረ ፈጁ ዞረ።

የጉባኤው አባላት ወጥተው ተማከሩና ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። የድርጅቱ ሪፖርት ውድቅ ተደረገ። ጉዳቱ በሥራ ላይ፣ በፈረቃ ኃላፊው ጥፋት የደረሰ ነው ተባለ። የቀጮ ስንብት ተሻረ፤ እጇ የሚፈቅደው ሥራ እንዲሰጣትም ታዘዘ። ቀጮ በግራ እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ሰብሳቢዋ ለጸሐፊው «ምስክሯ ማሽኑን አጥፋው ብላ ሁለት ጊዜ ተጣርታለች» ብለው ሲያስጽፉ ተኳሿ አሁንም ተነሳች።

«ሦስት ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

«ክሊፑ ላይ ያለው ሁለት ነው» አለ ጸሐፊው።

«ሦስተኛውን የቆረጡት እነሱ ናቸው። እሱ ይናገር።» በጣቷ የፈረቃ ኃላፊውን ጠቆመች።

ሰውየው ጫማውን እያየ «ሦስት ነው» አለ።

«ሦስት ጊዜ ብለህ ጻፍ።»

ወረቀቱ ለፊርማ መጣ። መጀመሪያ ቀጮ በግራ እጇ ፈረመች፤ ፊደሉ እንደ ሕፃን ጽሕፈት ተንጋደደ፤ ማንም አላቻኮላትም። ተኳሿ ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። ማንበብ የተማረችው በራሷ፣ የአንሶላ ጠርዝ ላይ ከሚታተሙ የሆቴልና የሆስፒታል ስሞች ነው፤ ስለዚህ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ ነው የምታነበው። መጨረሻው ደረሰች። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ዘረጋላት። ነገረ ፈጁ ሰዓቱን አየ።

እሷ ጣቷን መልሳ የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈችና እንደገና ከላይ ጀመረች።