አባና ሼህ ድንጋይ የተሸከሙባት መንደር

ከጎንደር የተነሳሁት ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ እህል ሊጭን ወደ ደባርቅ በሚሄድ መኪና ጋቢና ተቀምጬ ነው። የምሠራው በሆስፒታሉ ውስጥ የንጹሕ ውሃ ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው። ከዳባት ወረድ ብላ ባለች መንደር ካሠራነው ምንጭ፣ ትሁን የምትባል ሸክላ ሠሪ እንዳትቀዳ ተከልክላለች። ከወንዝ እየጠጣች ትንሿ ልጇ ሁለት ጊዜ እኛ ዘንድ ተኝታለች፤ ሐኪሙም «ሦስተኛውን አትችለውም» ብሎኛል። ስለዚህ እንድትቀዳ የሚያዝ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ።

ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀታችንን አሳየን። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ በሃምሳ ሳንቲም ትኩስ ድንች ገዝቼ መጀመሪያ እጄን አሞቅሁበት፣ ከዚያ በላሁት። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ ገብስ ነው። ደስ ይላል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ደሴ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አንብበው አጣጠፉት።

«ጓድ፣ መመሪያውንስ ተቀብለነዋል። ሸክላ ሠሪ ከቀዳችበት ግን ሰዉ ምንጩን ይተወዋል። ምነው፣ ሁላችንም ወደ ወንዝ እንድንመለስ ነው?»

ደብዳቤዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ትሁን ቤት ስሄድ ልጅቱ ተኝታለች።

«ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ሰው ይበላል ይሉኛል። እኔስ ለምጀዋለሁ፤ ለልጄ ነው እንጂ» አለችኝ። «ሼህ ሙሳ ግን ሊመክሩልኝ ወደ አባ ወጥተዋል።»

ሼህ ሙሳ በማዶው መንደር ዚክር የሚመሩ ሽማግሌ ናቸው። አባ ገብረ ሕይወት ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ከዋሻቸው ያልወረዱ ባሕታዊ። በሆዴ ሳቅሁ። በውይይት ክበባችን «ከሕዝብ የሸሸ ለሕዝብ ምን ይፈይዳል?» እያልሁ የምከራከረው እኔው ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት

ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ተሰልፈው ሳለ ሁለቱ ሽማግሌዎች ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ቁልቁል መጡ። በአገሩ ደንብ ድንጋይ የሚሸከም በዳይ ነው። አያ ደሴን አልፈው፣ ራቅ ብላ በቆመችው በትሁን ፊት አጎነበሱ። ድንጋዩ ከአባ አንገት ሊንሸራተት ደረሰ። አላስቻለኝም፤ ሮጬ ድንጋዩን ያዝሁ።

«ተው! አታንሳው!» አለ መንደሩ በሙሉ።

«ልጄ፣ አንተን አልበደልንህም» አሉኝ ሼህ ሙሳ እንዳጎነበሱ። ድንጋዩን የሚያነሳው ተበዳይ ብቻ መሆኑን የከተማ ሰው ሆኜ ዘንግቼዋለሁ።

«ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመት ስለ ተጠማ ሁሉ ጸለይሁ» አሏት አባ። «ከሥሬ አንቺ ስትጠሚ ግን አልጠየቅሁም። ይቅር በይኝ።»

ሼሁም «እኔም የአላህን ስም ሺህ ጊዜ ስጠራ ያንቺን አንድ ቀን አላነሳሁም» አሉ።

ትሁን እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገች። ድንጋዩን ለማንሳት አባን መንካት ሊኖርባት ነው። አያ ደሴ ጎንበስ አሉና ድንጋይ አንስተው አንገታቸው ላይ አደረጉ። ሦስተኛ ሆነው ተደፉ።

«ይቅር ለእግዜር» አለች ትሁን እያለቀሰች፤ ሦስቱንም አነሳችላቸው።

«በይ አሁን ቅጂና አጠጪኝ» አሉ አባ። ከጣሳዋ ጠጡ፤ ሼሁ ጠጡ፤ አያ ደሴ ጠጡ። ከዚያ ሴቶቹ ተቀባበሉት። እንባዬን መደበቅ አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ጎንደር

መንገዱን ሁሉ እያንጎራጎርሁ ተመለስሁ። ነርሷ ባለቤቴ ታሪኩን ሰምታ እልል አለች።

«አንተስ ጠጣህ?»

«ጠጣሁ» አልኋት።

ውሃው ንጹሕ መሆኑን ከሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የመረመርሁት በእጄ ነው። ጣሳው ሲደርሰኝ ግን ለጎረቤቴ አሳለፍሁት። የጠጣሁት ሁሉም ጠጥተው ምንም እንዳልሆኑ ካየሁ በኋላ ነው። እስከዚያች ሰዓት ሸክላ ሠሪን መፍራት የገበሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ለባለቤቴ ይህንንም ነገርኋት። ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ትሁንን ይቅርታ ያልጠየቀ አንድ ሰው ቀርቷል።